ያልተፋቀው ስም፦ የዩኒክስ ማሽንን በአርካይብ ስለማባዛት

በብራና መጻሕፍታችን ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ጸሎቱ የመጽሐፉ ባለቤት ስም ከሚነሳበት ስፍራ ሲደርስ ወይ ክፍት ቦታ ይገኛል፣ ወይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የአዲሱ ተጽፎበታል። ጸሐፊው መጽሐፉን ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ የጻፈው እንደሆነ ቦታውን ይተወዋል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ደግሞ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ስም ያስፍቃል። የቀረው ጽሑፍ አይነካም። ስሙ ሳይፋቅ ከቀረ ግን አዲሱ ባለቤት በየማለዳው የሚጸልየው ለሌላ ሰው ነው።

አንድ የዩኒክስ ሰርቨርን አብነት አድርጎ አዘጋጅቶ፣ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ በአንድ አርካይብ ጠቅልሎ፣ ከዚያ ሰው ፊታቸው ሳይቀመጥ በብዙ ማሽኖች ላይ መጫንም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳል። የትኛው ይገለበጣል? የትኛው ይፋቃል? ማኑዋሎቹ አብዛኛውን ገጽ የሚሰጡት አርካይቡ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለመግለጽ ነው። እኔ በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው ግን ጥሩ አርካይብ የሚለየው ከውስጡ በወጣው ነገር ነው ብዬ ነው። ሰፊውን ቦታ ለሶላሪስ እሰጣለሁ፤ ጉዳዩን ከሌሎቹ ሁሉ ገላልጦ ያሳየው እሱ ስለሆነ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ጃምፕስታርት የተባለ የመጫኛ ዘዴ ነበረው። ማሽኑ በኔትዎርክ ይነሳል፣ የሚመለከተውን ደንብ ይፈልጋል፣ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ፓኬጅ በፓኬጅ ይጭናል። አድካሚው ይህ የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱን ስክሪፕት ያስኬዳል፣ መዝገቡን ያድሳል። ቀጥሎ ፓቾች ይመጣሉ፤ ከፓቾቹ በኋላ ዳታቤዙ፣ የባክአፕ ሶፍትዌሩ፣ የክትትል ፕሮግራሙ። ለአንድ ማሽን ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ለአርባ ማሽን አርባ ጊዜ ይደገማል። በመሃል አንድ ማሽን ላይ አንድ ፓች ቢሰናከል፣ አንድ ዓይነት ናቸው የተባሉት አርባ ማሽኖች ሠላሳ ዘጠኝ እና አንድ ሆነው ያድራሉ። ያ አንዱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ችግር ሲፈጠር ነው።

መልሱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2001 በወጣው የሶላሪስ 8 እትም ዌብ ስታርት ፍላሽ በሚል ስም መጣ፤ በኋላ ሶላሪስ ፍላሽ ተባለ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ከምንይዘው ፍላሽ ጋር ዝምድና የለውም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንዱን ማሽን እንደሚፈለገው አድርገህ ሥራ፣ ፓቹንም አፕሊኬሽኑንም ጨርስ፣ ፈትሽ፤ ከዚያ ያለቀውን ሥራ ጠቅልለህ አባዛ።

ፍላሽ ዲስኩን ብሎክ በብሎክ አይቀዳም፤ የሚሰበስበው ፋይሎችን ነው። ዲዲ በሚባለው ኮማንድ ዲስክን እንዳለ የቀዳ ሰው የዲስኩን መጠንና የክፍልፋዮቹን ድንበር ጭምር ተሸክሞ ይሄዳል። ፋይል የሰበሰበ ሰው ግን ክፍልፋዩን በየማሽኑ እንደገና መወሰን ይችላል፤ ዲስኩ ከአብነቱ ቢተልቅም ቢያንስም ለፋይሎቹ እስከበቃ ድረስ ሥራው ይሄዳል። ዲስኩን የሚከፋፍለው ጃምፕስታርት ነው፤ ይዘቱን የሚያቀርበው አርካይቡ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ፍላሽን ለረጅም ጊዜ አገልጋይ አድርጎታል ብዬ አምናለሁ።

ፍላርክሪኤት የተባለው ኮማንድ የሚያወጣው ፋይል ክፍል ክፍል አለው። መጀመሪያ አርካይብ መሆኑንና የቅርጹን እትም የምትናገር አንዲት አጭር መስመር ትመጣለች። ቀጥሎ የመታወቂያው ክፍል አለ። ባለሙያው ከፈለገ የራሱን ተጨማሪ ክፍል ያስገባል፤ መጨረሻ ላይ ፋይሎቹ ራሳቸው በሲፒአይኦ ወይም በፓክስ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ነጠላ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ከሆነ ፓክስን መምረጥ ግድ ነው፤ ሲፒአይኦ አይችለውም። መጨመቅ ምርጫ ነው፤ ኔትዎርኩ ቀጭን ከሆነ ይጠቅማል።

መታወቂያው ተራ ጽሑፍ ነው። የአርካይቡን ስም፣ የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት፣ አብነት የሆነውን ማሽን ስም፣ አርካይቡ የሚስማማቸውን የኬርነል አርክቴክቸሮች፣ የመጨመቂያውን ዓይነት ይይዛል። ደራሲውንና መግለጫውን መጨመርም ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን አይጨምርም። ይህ ቸልተኝነት ያሳዝነኛል። ሰርቨሩ ላይ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ» የተባሉ ሦስት አርካይቦች ተደርድረው፣ የሠራቸው ሰው ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ሲሄድ፣ ተተኪው የትኛው የየትኛውን ወር ፓች እንደያዘ የሚያውቅበት መንገድ ይህ የመግለጫ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ የምትወስድ መስመር ናት።

አርክቴክቸሩም የይስሙላ መረጃ አይደለም። ኢንስቶለሩ የቅጂውን ማሽን ዓይነት ከዚያ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ከሌለበት አይጭንም። ከሰን የስፓርክ ማሽኖች ዓይነት ሰን4ዩን ብቻ የሚደግፍ አርካይብ ሰን4ቪ ላይ አይወርድም፤ የስፓርክ አርካይብ ኢንቴል ማሽን ላይ እንደማይሠራ ሳይነገር ይታወቃል። አብነቱ ላይ የሌለ ሃርድዌር ቅጂው ላይ ቢኖር ደግሞ ድራይቨሩ አርካይቡ ውስጥ መኖር አለበት። ለዚህ ነው ሰን ማሽኖቹ የተለያዩ ሲሆኑ አብነቱ ላይ ሙሉው ስርጭት ከኦኢኤም (ከሌሎች አምራቾች ሃርድዌር) ድጋፉ ጋር እንዲጫን ይመክር የነበረው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አብነቱን ያቀጠነ ሰው ቁጠባውን የሚከፍለው አዲስ የኔትዎርክ ካርድ የያዘ ማሽን ሲመጣለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አብነት ማሽን እንዴት ይሰናዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜው ነው። ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ፋይሎቹ በየሰከንዱ ይለወጣሉ፤ ዳታቤዝ ግማሹን ጽፎ ግማሹን ሳይጽፍ ከተቀዳ ቅጂው የተወለደው ታሞ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ወደ አንድ ተጠቃሚ ሁነታ አውርዶ መቅዳት ይመረጣል፤ ካልተቻለ ቢያንስ አፕሊኬሽኖቹን ማቆም። ሁለተኛው ማስወጣት ነው። ፍላርክሪኤት የማይፈለግ ማውጫን በምርጫ ያስወጣል፤ የሚወጡትን ፋይሎች በዝርዝር ከፋይል ማንበብም ይችላል። የሎግ ክምችት፣ ጊዜያዊ ፋይሎች፣ የተጠቃሚዎች የቤት ማውጫ፣ የዳታቤዙ ዳታ በዚህ መንገድ ይወጣሉ።

ከባዱ በዓይን የማይታየው ነው። የሆስት ስም፣ የአይፒ አድራሻ፣ የዲስኮች ሰንጠረዥ፦ ኢንስቶለሩ እነዚህን እንዲያጸዳና ከአዲሱ ማሽን እንዲሞላ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ቅጂው ሲነሳ ማንነቱን እንደ አዲስ ይጠየቃል። ኢንስቶለሩ የሚያውቀው ግን የራሱን የሶላሪስን ፋይሎች ነው። የባክአፑ ሶፍትዌር ለማሽኑ የሰጠውን መለያ ቁጥር፣ የክትትሉ ኤጀንት የተመዘገበበትን ስም፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሪፖርት የሚልከውን ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ)፣ ከማሽኑ መለያ ጋር የተሳሰረውን ላይሰንስ፣ አፕሊኬሽኑ በራሱ ማውጫ ያኖረውን የምስጢር ቁልፍ ኢንስቶለሩ ከየት ያውቃቸዋል? አብነቱ ላይ የነበረ አንድ ክሮን በአርባ ቅጂ ላይ ይነቃል፤ አንዱ ሪፖርት አርባ ጊዜ ይላካል። የባክአፕ ሰርቨሩ ደግሞ አርባውን ማሽን አንድ ደንበኛ መስሎት የአንዱን ባክአፕ በሌላው ላይ ይደርባል። ይህ የሚታወቀው ፋይል ሊመለስ በተፈለገበት ቀን ነው።

ሰን ለዚህ ቦታ አበጅቶ ነበር። በአብነቱ ላይ ኢቲሲ ፍላሽ በሚባለው ማውጫ ስር አራት ዓይነት ስክሪፕት ማስቀመጥ ይቻላል፦ አርካይቡ ከመፈጠሩ በፊት፣ በቅጂው ላይ ከመጫኑ በፊት፣ ከተጫነ በኋላ፣ ቅጂው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ። የመጀመሪያው ፋቂ ነው፤ የመጨረሻው አዲሱን ስም ጸሐፊ። እነዚህን ማውጫዎች ባዶ ትቶ አርካይብ የሚፈጥር ባለሙያ ሥራውን በግማሽ እንደተወው እቆጥረዋለሁ።

አርካይብን ከአርካይብ የመፍጠር ልማድም አለ። አንዱ ቅጂ ላይ ትንሽ ይሻሻላል፣ ከእሱ አዲስ አርካይብ ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ። የሊጥ እርሾ ነው ነገሩ፤ ከትናንቱ ቡሆ የተቀነሰው ለዛሬው ይሆናል፣ ከዛሬው ደግሞ ለነገው ይቀነሳል። እርሾው የተበላሸ እንደሆነ ብልሽቱም አብሮ ይወረሳል። ከአምስት ትውልድ በኋላ ለምን እንደተቀመጠ ማንም የማያውቀው ፋይል፣ ማን እንደከፈተው የማይታወቅ የተጠቃሚ አካውንት በሁሉም ማሽን ላይ ይገኛል። አብነቱ ሁልጊዜ ከንጹሕ ኢንስቶሌሽን መጀመር አለበት፤ አብነቱን የሚሠራው የመመሪያ ጽሑፍ ደግሞ ከአርካይቡ ጎን መቀመጥ አለበት።

በጃምፕስታርት በኩል ያለው ውቅር አጭር ነው። ሩልስ የተባለው ፋይል በየመስመሩ መመዘኛ ይይዛል፦ የማሽኑ ስም፣ ኔትዎርኩ፣ አርክቴክቸሩ፣ የሚሞሪው መጠን። ከመመዘኛው ጎን መጀመሪያ የሚሠራው ስክሪፕት፣ ፕሮፋይሉና መጨረሻ የሚሠራው ስክሪፕት ይጠቀሳሉ። ቼክ የተባለው ስክሪፕት ይህን መርምሮ ሩልስ ኦኬ የሚባል ፋይል ያወጣል፤ ኢንስቶለሩ የሚያነበው ይህን የወጣውን ነው። ሩልሱን አስተካክሎ ቼክን ማስኬድ የረሳ ሰው ማሽኑ ለምን የድሮውን እንደሚከተል ሲገርመው ያመሻል። መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈጸማል፤ ስለዚህ ሁሉንም የሚቀበለው ደንብ ከታች መሆን አለበት። ፕሮፋይሉ ዓይነቱ የፍላሽ ጭነት መሆኑን፣ አርካይቡ የሚገኝበትን ቦታና የዲስኩን አከፋፈል ይናገራል። ቦታው ኤንኤፍኤስ፣ ኤችቲቲፒ፣ ኤፍቲፒ፣ ቴፕ ወይም የአካባቢው ዲስክ ሊሆን ይችላል። ፓኬጅ ጨምር ወይም ቀንስ የሚሉት ተራ የጃምፕስታርት ትእዛዞች እዚህ አይሠሩም፤ ይዘቱን አርካይቡ አስቀድሞ ወስኖታልና። የሰዓት ክልልና የስም አገልግሎት የመሳሰሉ ጥያቄዎች መልስ በሲስአይዲሲኤፍጂ ፋይል ይቀርባል። ይህ ፋይል ከጎደለ ወይም አንድ መልስ ካነሰው፣ ሰው አያስፈልገውም የተባለው ጭነት እኩለ ሌሊት ላይ ጥያቄ ጠይቆ እስኪነጋ ይጠብቃል።

ስለ ደኅንነት ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ልናገር። አርካይቡ ውስጥ የይለፍ ቃሎቹ ሃሽ ያለበት ሻዶው ፋይል አለ፤ የምስጢር ቁልፎችም ሊኖሩበት ይችላሉ። ያንን ፋይል በኤንኤፍኤስ ለኔትዎርኩ ሁሉ ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰቅሎ እንደመሄድ ነው። የድሮው የስፓርክ አነሳስ አድራሻውን በአርኤአርፒ፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በቲኤፍቲፒ ይቀበላል፤ ሁለቱም ማንነት አያረጋግጡም። አርኤአርፒ ራውተር ስለማይሻገር በየንዑስ ኔትዎርኩ የማስነሻ ሰርቨር ማቆምም ያስፈልግ ነበር። በሶላሪስ 9 የዲሴምበር 2003 እትም የመጣው ዋን ቡት ሥራውን ወደ ኤችቲቲፒ አዛወረው፤ በቁልፍ ማረጋገጥንና ማመስጠርንም ጨመረ። ለሩቅ ቅርንጫፍ ማሽን መጫን በእኔ አስተያየት ለወግ የበቃው ከዚያ በኋላ ነው።

ሶላሪስ 9 የልዩነት አርካይብንም አመጣ። የተለወጠውን ብቻ ይይዛል፤ በቅጂው ላይም እንደ ማሻሻያ ይጫናል። ነገር ግን ከመጫኑ በፊት ቅጂው ከመጀመሪያው አብነት ጋር አሁንም አንድ መሆኑ ይመረመራል፤ አንድ ሰው በእጁ ፋይል ለውጦ ከሆነ ጭነቱ ይቆማል። ይህ ጥብቅነት ብዙዎችን አማርሯል፤ ምርመራውን የሚያልፍ ምርጫም አለ። እኔ ግን ምርመራው ትክክል ነበር እላለሁ። በሥርዓት ያልተመዘገበ ለውጥ ያለበት ማሽን ላይ ዝም ብሎ መደረብ ሁለት ችግርን አንድ ላይ መቅበር ነው።

ዜድኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም የሚደግፈው ፍላሽ በሶላሪስ 10 የኦክቶበር 2009 እትም ደረሰ፤ የመጣው ግን አንድ ነገር አጥቶ ነው። ነጠላ ፋይሎችን ማስወጣት አይቻልም፤ ማስወጣት የሚቻለው ዳታሴትን፣ ማለትም የዜድኤፍኤስን ንዑስ ፋይል ሲስተም፣ በሙሉ ነው። ለመፋቅ የሚያገለግለው ስለት ደነዘዘ ማለት ነው። እንግዲህ የማይገለበጠውን ከመጀመሪያው በራሱ ዳታሴት ለይቶ ማስቀመጥ የባለሙያው ዕዳ ሆነ።

ሌሎቹስ? የአይቢኤም ኤአይኤክስ ኤምኬሲስቢ የሚባለውን የሩትቪጂ (የሲስተሙ ዲስኮች ስብስብ) ምስል፣ ማለትም የተጠቀለለ ሙሉ ቅጂ፣ ይዞ ኒም በተባለው የኔትዎርክ መጫኛው ያሰራጫል። እዚያ ውስጥ ቦስኢንስት ዳታ በተባለው ፋይል የመሣሪያዎቹ ውቅር ከምስሉ ይመለስ አይመለስ የሚል አንድ መስመር አለ። ለባክአፕ ከሆነ ይመለስ፣ ለማባዛት ከሆነ አይመለስ። ኤችፒ ዩኤክስ በኢግናይት ለሁለቱ ሥራ ሁለት የተለያየ ኮማንድ አለው፤ አንዱ ያንኑ ማሽን ለመመለስ፣ ሌላው ወርቃማ ምስል ለማውጣት። ሁለቱም አምራቾች አንድ እውነት ላይ ደርሰዋል፦ ባክአፕና አብነት መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ባክአፕ ስሙን ጠብቆ ሊመልስ ይገባዋል፤ አብነት ስሙን ሊጥል ይገባዋል።

በተቃራኒው ወገን የቆሙት ምስል ጨርሶ የማይወዱት ናቸው። የሬድ ሃት ኪክስታርት፣ የዴቢያን ፕሪሲድ፣ እንዲሁም በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ላንገ የጀመረው ፋይ እያንዳንዱን ማሽን ከጽሑፍ መመሪያ ተነስተው ከዜሮ ይሠራሉ። ጭነቱ ይዘገያል፤ መመሪያው ግን ይነበባል፣ ይታረማል፣ ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ይነጻጸራል። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ልብ የቀረበው የኦፕንቢኤስዲ መንገድ ነው። መሠረቱ ፕሮጀክቱ የሚያወጣቸው የተለመዱት የታር ፋይሎች ናቸው፤ የራስህን ለውጥ ሳይት በሚባል አንድ ትንሽ ታር ታስቀምጣለህ፣ እሱም መጨረሻ ላይ በላያቸው ይፈታል፤ አንድ ስክሪፕት ይከተለዋል። ከ5.5 እትም ጀምሮ የኢንስቶለሩን ጥያቄዎች ከኔትዎርክ በሚመጣ ፋይል መመለስም ተችሏል። ሲስተሙ ሌላ፣ የአንተ ለውጥ ሌላ ሆነው ተለይተው ስለሚታዩ የፋቂው ሥራ ከሞላ ጎደል አይኖርም፤ መጀመሪያውኑ የተጻፈ ስም የለምና።

ዛሬ ምስል በቨርችዋል ማሽንና በክላውድ በኩል ተመልሶ ነግሷል፤ ያልተፋቀ ስምም አብሮት መጥቷል። ሊኑክስ ላይ ኢቲሲ ስር ያለው ማሽን አይዲ ሳይጸዳ የተባዛ ኡቡንቱ፣ የኔትዎርክ ካርዱ አድራሻ ቢለያይም ከዲኤችሲፒ አንድ ዓይነት አይፒ ሊቀበል ይችላል፤ ለዲኤችሲፒ የሚያቀርበው መለያ ከማሽን አይዲው የሚወጣ ነውና። የኤስኤስኤች ሆስት ቁልፍ ከተባዛ ነገሩ ይከፋል፤ አንዱን ቅጂ የሰበረ ሰው የሌሎቹንም ማንነት ያዘ። ከሁሉ የሚረሳው የዘፈቀደ ቁጥር ዘር ነው። ሲስተሙ ሲዘጋ አስቀምጦ ሲነሳ የሚጠቀምበት ይህ ፋይል በምስሉ ውስጥ ከቀረ ቅጂዎቹ ሁሉ ከአንድ ዘር ይነሳሉ። የዘፈቀደነት ማነስ የሚያስከትለውን ጉዳት ናዲያ ሄኒንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንተርኔቱን በሙሉ ቃኝተው አሳይተዋል፦ ከቲኤልኤስ ሰርቲፊኬቶች 0.75 በመቶው በዚህ ምክንያት ቁልፍ ይጋሩ ነበር፤ የ0.50 በመቶውን የቲኤልኤስ ማሽኖች የግል ቁልፍም ማስላት ችለዋል። እነሱ ያገኙት በዋናነት በትናንሽ የኔትዎርክ መሣሪያዎች ላይ ነው፤ ትምህርቱ ግን ዘሩን ከነምስሉ ለሚያባዛ ሁሉ ይሠራል።

ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ሰንን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ በ2011 የወጣው ሶላሪስ 11 ጃምፕስታርትንም ፍላሽንም ተወ፤ በምትካቸው በማኒፌስት የሚመራ፣ ከፓኬጅ ማከማቻ የሚጭን አዲስ ኢንስቶለር አቆመ። የመመሪያው ወገን ያሸነፈ መሰለ። ድሉ ሦስት ዓመት አልሞላውም። በ2014 ሶላሪስ 11.2 ዩኒፋይድ አርካይብ በሚል ስም ምስልን መለሰው። አሁን ግን አርካይቡ ሲፈጠር ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። ክሎን የሚባለው የሲስተሙን ማንነት አውጥቶ በሥራ ላይ ያለውን አንዱን የመነሻ ሲስተም ብቻ ይይዛል፤ ሪከቨሪ የሚባለው ማንነቱንም፣ ሁሉንም የመነሻ ሲስተሞችም ይይዛል። ምርጫ ካልተጠቀሰ የሚፈጠረው ክሎን ነው። በ2001 በባለሙያው ትውስታ ላይ የተንጠለጠለው ጉዳይ በ2014 የኮማንዱ የመጀመሪያ ጥያቄ ሆነ። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከታዩት እርምጃዎች ትልቁ ይህ ነው።

ምስል ወይስ መመሪያ ለሚለው የእኔ ብያኔ ይህ ነው፦ ምስሉን ለፍጥነት ያቆዩት፣ ምስሉን ራሱን ግን በመመሪያ ይሥሩት። መመሪያ የሌለው አርካይብ የሠራው ሰው በሄደ ማግስት የሚፈራ ነገር ይሆናል፤ ማንም ሊነካው አይደፍርም፣ ማንም ሊተወውም አይችልም።

ይህን ሥራ በእጅዎ ለያዙ አንባቢ አንድ ልመና አለኝ። አርካይብዎን ለሥራ ከማዋልዎ በፊት ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ይጫኑ፤ ከዚያ ፋይሎቻቸውን በዲፍ ያነጻጽሩ። በተለያየው አይደንግጡ። ሊለያይ ሲገባው አንድ ሆኖ የተገኘውን ቁልፍ፣ መለያ ቁጥርና ዘር ሁሉ ግን አንድ በአንድ መዝግበው ከአብነቱ ላይ ይፋቁት።